ጠማማ የተባለው ጠመንጃ መርካቶ ደርሶ ሲመለስ

ሐሙስ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

ከደብረ ብርሃን የተነሣሁት ብርዱ ጆሮ በሚቆርጥበት ሰዓት፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ የአየር ጠመንጃ ታቅፌ ነው። ሹፌሩ ጥቅልሉን አይቶ፣ «መምህር፣ ሕፃን ነው?» አለኝ። «የአማቴ ጉዳይ ነው» አልኩት፤ አልዋሸሁትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማስተምርበት ትምህርት ቤት በየዓመቱ ባዛር ያዘጋጃል፤ የኢላማ ተኩሱ ኃላፊ እኔ ነኝ። ውድድሩ አሥር ሜትር ርቀት ላይ የተደረደሩ ባዶ የክብሪት ቀፎዎችን በሰባት የእርሳስ ጥይት መምታት ሲሆን ሽልማቱ አንድ ኪሎ ስኳር ነው። በዚያ ዘመን ስኳር በቀበሌ ሱቅ ተሰልፈው የሚያገኙት ብርቅ ነገር ስለነበር፣ በባዛር ቀን ከተማው በሙሉ ተኳሽ ሆኖ ይውላል። ባለፈው ዓመት የባለቤቴ የአስካለ አባት፣ ባሻ ተክሌ፣ ካፖርታቸውን ደርበው መጡ። ባሻ በወጣትነታቸው በክር የተንጠለጠለ እንቁላል ክሩን ሳይነኩ ይመቱ ነበር የሚባልላቸው ሰው ናቸው። ሰባት ጊዜ ተኮሱ። ሰባቱንም ሳቱ።

ጠመንጃውን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣ «ጠማማ ነው» ብለው ፈረዱ። አንዲት ተማሪ ከእሳቸው በፊት አራት ቀፎ መምታቷን አንድ ሰው ቢያነሣ፣ «ጠማማ ጠመንጃ የሚመታው ለማያነጣጥር ነው» አሉት። ከዚያን ቀን ወዲህ ጠመንጃውን ያነሣው የለም፤ ሽማግሌ ጠማማ ነው ያሉትን ጠመንጃ መሞከር ሽማግሌውን «ዋሽተዋል» ማለት ነዋ! እኔም ኃላፊ ሆኜ፣ ዘመድም ሆኜ፣ «አዎ፣ ጠማማ ነው» ብዬ መሰከርኩ።

ከተማችን ግን ፊት ለፊት ያከብራል፣ ከጀርባ ያማል። ቀጠሮ ያፈረሰ ሰው፣ መንገድ ላይ የቀረ ደብዳቤ፣ ሁሉም «የባሻ ጥይት» ተባለ። ባሻም ይህንኑ ሰሙ። እድር ቤቱ ደጃፍ ካለችው አግዳሚ ወንበራቸው ቀሩ፤ ዓመት ሙሉ ከቤትና ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም አልታዩም። እኔን ያስነሣኝ ይህ ነው። ትምህርት ቤቱን ለምኜ ለአዲስ ጠመንጃ መቶ ሰማንያ ብር አስፈቀድኩ፤ አሮጌውን መልሼ በልዋጭ ጥሩ እንዳመጣ ተነገረኝ። አስካለ በር ላይ ቆማ፣ «ከመርካቶ ሌላ ምንም አልፈልግም። እሑድ በባዛሩ አባቴ አንዲት ቀፎ ይምታልኝ» አለችኝ።

ከረፋዱ ሦስት ሰዓት፣ ኬላ

የአውቶቡሱ ዋጋ አምስት ብር ነው። እስከ ሸኖ ድረስ ሜዳው ውርጭ ለብሶ ነበር፤ ሰንዳፋ ስንደርስ ፀሐይዋ ሞቅ አለችና ተሳፋሪው ጋቢውን እየፈታ መጫወት ጀመረ። ጨዋታው አዲስ አበባ መግቢያ ኬላው ላይ ቆመ። ጥበቃው ወጥቶ ጥቅልሌን ሲፈታ አጠገቤ የነበሩት እናት አማትበው ፈቀቅ አሉ። የትምህርት ቤቱና የቀበሌው ማኅተም ያረፈበትን ደብዳቤ አወጣሁ። ጥበቃው ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ጠማማ ስለሆነ ሊለወጥ ነው ይላል። ምኑ ነው የጠመመው?»

«አይመታም፣ ጓድ።»

«እርሳስ ይዘሃል?»

ሰጠሁት። አፈሙዙን ከመገጣጠሚያው ወደ ታች ሰብሮ እርሳሱን አጎረሰውና አጥሩ ላይ የተንጠለጠለች የቲማቲም ቆርቆሮ ላይ ተኮሰ። ቆርቆሮዋ ጮኸች። ተሳፋሪው በመስኮት አጨበጨበ።

«ጠማማ ያልከው ይሄን ነው?»

«ዕድል ነው፣ ጓድ» አልኩት። ባሻ እንዳሉት «ስላላነጣጠርክ ነው» ልለውም ነበር፤ መሣሪያ ለያዘ ሰው ግን እንዲህ አይባልም።

አራት ሰዓት ተኩል፣ ሶማሌ ተራ

አውቶቡስ ተራ ወርጄ «ዞር በል! ጀርባህን!» ከሚሉ ተሸካሚዎች ጋር እየተጋፋሁ ሶማሌ ተራ ገባሁ። ደላላ ለማግኘት አልለፋሁም፤ እሱ አገኘኝ።

«ምን ላምጣ፣ ጋሼ?»

«የአየር ጠመንጃ።»

«ስንት ደርዘን?»

አንድ ብቻ መሆኑን ስነግረው ፊቱ ቢቀዘቅዝም እጄን አልለቀቀም፤ ወደ እትዬ ዘይነባ ሱቅ ወሰደኝ። እትዬ ዘይነባ ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው ወሎዬ ናቸው። ቁልፍ፣ ቴርሞስ፣ ፋኖስና የዓሣ መንጠቆ በሞላበት ሱቃቸው ግድግዳ ላይ አራት የአየር ጠመንጃዎች ተሰቅለዋል። እኔ ሰደፉ እንደ መስታወት ወደሚያበራው እጄን ዘረጋሁ።

«ለሠርግ ነው ለተኩስ?» አሉኝ።

«ለተኩስ ነው፣ እትዬ።»

«እንግዲያ ሰደፉን ተወው፤ ሰደፍ አይተኩስም። ና ግባ፣ የኔ ጌታ።»

ከዚያ እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ያስተማሩኝን እኔ በክፍሌ በአንድ መንፈቅ አላስተምርም። አፈሙዙን ሰብረው ከመለሱት በኋላ ግራ ቀኝ ወዘወዙት። «እዚህ መገጣጠሚያው ላይ ከላላ ወዲያ በለው።» ሞላውን ሲወጥሩ ጆሯቸውን አስጠጉ። «ሲንቋቋ ከሰማህ ደርቋል ወይ አርጅቷል።» ውስጡ ያለው አየር ማፈኛ የቆዳ ጎሚኒ በየጊዜው ዘይት ካልቀመሰ አየር እንደሚያስወጣም ነገሩኝ። በመጨረሻ፣ «ዋናው ግን ይሄ ነው» አሉ። «ሦስቴ ተኩስ። ሦስቱም አንድ ቦታ ከወደቁ፣ ኢላማውን እንኳ ቢስቱ ጥሩ ጠመንጃ ነው፤ ማነጣጠሪያውን ታስተካክላለህ። አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ ከሄደ ግን እሱ ጠባዩ ነው፣ አይመከርም።»

የመረጡልኝ ሰደፉ የተፋፋቀውን ነበር፤ ዋጋው መቶ ስልሳ ብር። ለአሮጌዬ ምን ያህል እንደሚያስቡልኝ ለማወቅ ሁለቱንም ጓሮ ይዘው ወጡ፤ «የአንተን ምን ያህል እንደጠመመ ልየው» አሉ። የልብስ ቦንዳ ላይ ወረቀት ለጥፈው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው፣ መጀመሪያ በራሳቸው ጠመንጃ ሦስት ተኮሱ። ቀዳዳዎቹን ሃምሳ ሳንቲም ሸፈናቸው። ቀጥለው በእኔ ሦስት ተኮሱ። ሄደው አዩና ሳንቲሙን በምታንሰው ቀየሩ፤ አሥር ሳንቲም ሸፈናቸው። እንደገና ተኮሱ። እንደገና አሥር ሳንቲም።

ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሳቁ። «ወላሂ፣ ይሄን ብትሰጠኝ የማተርፈው እኔ ነኝ! ማነው ጠማማ ያለህ?»

«አማቴ።»

«ስንት ዓመታቸው ነው?»

«ሰባ አልፏቸዋል።»

ሳቃቸውን አቆሙ። «እንግዲያ የታመመው ጠመንጃው አይደለም፣ የኔ ልጅ።»

ባሻ ባለፈው ወር ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ስሜን ትተው በወንድሜ ስም ሰላም ያሉኝ፣ ሻይ ሲቀዱ ከብርጭቆው ውጪ የሚያፈስሱት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ታየኝ። ዓመት ሙሉ አብሬያቸው ጠመንጃ ስከስስ ከርሜ ዓይናቸውን አለማየቴ አሳፈረኝ። የባሰው ደግሞ ከፊቴ ያለው እሑድ ነው። አዲስ ጠመንጃ ይዤ ብሄድ ባሻ በከተማው ፊት እንደገና ይስታሉ፤ ያኔ ጠማማ የሚባል ጠመንጃም አይኖርም።

«መነጽር ግዛላቸዋ!» አሉ እትዬ ዘይነባ።

«አንድ ጊዜ ልጃቸው መነጽር ብትላቸው ሦስት ቀን አኩርፈዋል።»

እትዬ ጥቂት አሰቡና ጠመንጃውን መልሰው ጠቀለሉልኝ። ጠመንጃ መለወጥ አላስፈለገኝም፤ ሁለት ጣሳ እርሳስ ብቻ ገዛኋቸው። «ምን አለሽ ተራ ሂድና ጋሼ ሸርፋ በል። የእኔን ጠመንጃዎች የሚጠግኑት እሳቸው ናቸው። ነገሩን ሳትደብቅ ንገራቸው» ብለው ሸኙኝ።

ስምንት ሰዓት፣ ምን አለሽ ተራ

መንገድ ላይ በሁለት ብር ክትፎና ቆጮ በልቼ ልቤ ትንሽ መለስ አለ። ምን አለሽ ተራን ከማየት በፊት መስማት ይቀድማል። በርሜሉ ምድጃ፣ የዘይት ቆርቆሮው ኩራዝ እስኪሆን ድረስ ሁሉም ይቀጠቀጣል፤ ሰው የሚነጋገረው በጩኸት ነው። ጋሼ ሸርፋን ያገኘኋቸው ላሜራ ላይ አጎንብሰው ሲለኩ ነው። አንገታቸው ላይ በክር የተንጠለጠለች፣ በምስማር የተበሳች የቆርቆሮ ቁራጭ ነበረቻቸው። እሷን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው በቀዳዳዋ እያዩ የማስመሪያውን ቁጥር ያነባሉ።

«ይቺ ምንድን ናት፣ ጋሼ?» አልኩ እየጮህኩ።

«መነጽሬ ናታ! ዋናው ከተሰበረ አራት ዓመቱ። ያረጀ ዓይን ይበተናል፤ በጠባብ ቀዳዳ ስታሳልፈው ይሰበሰባል።»

የባሻን ነገር አንድ ሳልደብቅ ነገርኳቸው። አልሳቁም። ጠመንጃውን ተቀብለው ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ አንገታቸው ረጅም ነው ወይስ አጭር፣ ሲተኩሱ ጉንጫቸውን ሰደፉ ላይ ይለጥፋሉ ወይስ ያርቃሉ። ከዚያ ከአሮጌ የበር ቁልፍ ነሐስ ቆርጠው፣ ሞርደው፣ መሐሉን በሥተው፣ ከጠመንጃው በስተኋላ የተኳሹ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ላይ በሁለት ብሎን አሠሩት። የድሮውን የኋላ ማነጣጠሪያ አወለቁ። አንድ ሰዓት ፈጀባቸው፣ ስድስት ብር ተቀበሉኝ። ልነሣ ስል ከኪሳቸው አንዲት የተበሳች ቆርቆሮ አውጥተው ሰጡኝ። «ይቺ ምርቃት ናት። ጠመንጃ በየቀኑ አይተኮስም» አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም፤ ኪሴ ከተትኳት።

ዓርብ፣ መልስ

አውቶቡስ ተራ አጠገብ በሦስት ብር አልጋ አድሬ ማለዳ ተሳፈርኩ። ኬላው ላይ ያው ጥበቃ ነበር። «ተለወጠ?» አለኝ። «ተሠራ» አልኩት። ነሐሷን አይቶ እጁን ለእርሳስ ሲዘረጋ፣ እርሳሱ ለባዛር መሆኑን ነግሬ እንዲተውልኝ ለመንኩት። ቆርቆሮዋ አሁንም አጥሩ ላይ ነበረች፤ ሆዷ ላይ አንድ ቀዳዳ አለ።

እሑድ፣ ባዛር

ጠዋት ከአስካለ ጋር ባሻ ቤት ሄድኩ። «ጠመንጃው መርካቶ ሄዶ ታክሟል። ጠማማ ነው ያሉት እርስዎ ነዎት፤ ድኗል ብለው እርስዎ ካልፈረዱ ማንም አይነካውም» አልኳቸው። ከዚያ አስካለን ካፖርታቸውን እንድታቀብል አዘዟት።

ሰው ሲያያቸው መንገድ ለቀቀ፤ ሊስቅ የተዘጋጀም ነበር። ባሻ ጉንጫቸውን ሰደፉ ላይ ለጠፉና በቀዳዳዋ አዩ። አልተኮሱም። ጠመንጃውን አወረዱ፣ ዞር ብለው እኔን አዩኝ፣ እንደገና አነሡት። የመጀመሪያው ቀፎ በረረ። ሁለተኛው በረረ። ከሰባቱ ስድስቱን መቱ። አስካለ እልል ስትል የተማሪዎቹ ጩኸት ዋጣት። ባሻ ስኳሩን ተቀብለው ባለፈው ዓመት አራት የመታችውን ተማሪ አስጠሩና ሰጧት። «ያን ጊዜ አንቺም አነጣጥረሽ ነበር» አሏት በሰው ፊት።

ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ደጃፍ ከባሻ ጋር ሁለታችን ብቻ ተቀመጥን።

«ጠመንጃው ቀጥ ያለ ነበር፤ አይደል?»

«አዎ፣ ባሻ።»

«አውቄዋለሁ። ቀዳዳዋ ውስጥ ቀፎው ጠርዝ አወጣ። ጠርዝ ካየሁ ቆይቻለሁ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዳዊቴንም ካየሁት ሁለት ዓመት ሆነኝ። በቃሌ ነው የምለው፤ ገጹን የምገልጠው ለሰው ነው። ያ ሠሪ ለዳዊትም እንዲህ ያለ ነገር ይሠራል?»

የጋሼ ሸርፋ ምርቃት ያኔ ገባኝ። ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር፣ ጥሩ ጠመንጃ የሚመርጥ ሰው ከአፈሙዙ በፊት የሚተኩሰውን ሰው ማየት እንዳለበት ነው፤ እኔ ያላወቅሁትን ይህን ሁለት የመርካቶ ሰዎች በአንድ ቀን አወቁት። ቆርቆሮዋን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው።

ባሻ ዳዊታቸውን አስመጡ። ቀዳዳዋን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ በጣታቸው እየተከተሉ፣ እንደ ጀማሪ ተማሪ ቀስ ብለው ማንበብ ጀመሩ። ገጹ መሐል ሲደርሱ ቆሙ። ወደ ላይ ተመለሱ፣ እንደገና አነበቡ።

«አስካለ!» ብለው ወደ ቤት ተጣሩ። «ነይማ! ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ ጋ አንድ መስመር ስዘል ኖሬአለሁ!»