ስኳሬ አልወርድ ያለ ጊዜ

ስኳር እንዳለብኝ ካወቅሁ ጀምሮ ጠንቃቃ ሰው ነኝ። ሻይ ያለ ስኳር እጠጣለሁ፤ አዲሱ ከተማ ካለው ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ፈላና በር እስካለው ቤቴ በእግሬ እመጣለሁ፤ ኪኒኔንም አልዘልም። እንዲያም ሆኖ ባለፈው ዓመት ስኳሬ እየጨመረ ሄደ። ሐኪሟ መድኃኒቱን ከፍ ብታደርገውም አልበገር አለ።

ባለቤቴ ምክንያቱን ለማግኘት አልተቸገረችም።

«ሸዋ በር ስትወርድ ያን ጣፋጭ ሐላዋ ትበላለህ» አለችኝ።

«አልበላም።»

«እንግዲያው የስኳር መለኪያው ማሽን ነው የሚዋሸው?»

ማሽኑ አይዋሽም ነበር። በግንብ የምንዋሰን ጎረቤታችን፣ ሐጂ፣ እሳቸውም ስኳር አለባቸውና ከሱብሂ ሶላት በኋላ እኛ ቤት ብቅ እያሉ በእኔ ማሽን ይለካሉ። መርፌውን በተለካን ቁጥር እንቀይራለን፤ መርፌው የሚገባበት መውጊያ ግን የጋራችን ነበር። የእሳቸው ስኳር ልክ ሆኖ የእኔ ሲወጣ አንድ ጠዋት፣ «መምህር፣ ወላሂ ይሄ የምግብ ነገር አይመስለኝም። ለሐኪሟ ንገራት» አሉኝ።

ከባለቤቴ ጋር ሄድን። ሐኪሟ አዳምጣኝ ስታበቃ፣ «ደም ተሰጥቶዎት ያውቃል?» ብላ ጠየቀችኝ።

ወጣት ሳለሁ በድሬዳዋ መንገድ የተሳፈርኩበት መኪና ተገልብጦ ደም ተሰጥቶኝ ነበር። ይህን ስነግራት የጉበት ምርመራ አዘዘች። ውጤቱ ሲመጣ ሄፓታይተስ ሲ የሚባለው ቫይረስ ተገኘብኝ።

«ዓይኔ ቢጫ አልሆነ፤ ጎኔንም አላመመኝ» አልኳት።

«ብዙ ጊዜ ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚቀመጠው። የሰውነትን ስኳር ከሚያስተካክሉት አንዱ ጉበት ነው። ቫይረሱ ሲገባበት ኢንሱሊን እንደ ድሮው አይሠራም። የእርስዎም ስኳር ያስቸገረው በዚህ ሊሆን ይችላል። ደግሞ ይህኛው ቫይረስ በኪኒን ይድናል።»

«አብረን መብላቱስ?» አለች ባለቤቴ።

«ብሉ። የሚተላለፈው በደም ነው። ምላጭ፣ ጥፍር መቁረጫና የስኳር መውጊያ ግን ለየብቻ ይሁን።»

መውጊያ ስትል እኔና ባለቤቴ ተያየን። ባለቤቴ እዚያው ተመረመረች፤ ነፃ ሆነች። እኔ ግን ቤት እስክደርስ የማስበው ሐጂን ነበር። በራቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸውና ሁሉንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

«ታዲያ እንመርመራ፤ ምን ቸገረን?» አሉ።

በማግስቱ በባጃጅ ይዣቸው ሄድኩ። ነፃ መሆናቸው ሲነገራቸው «አልሐምዱሊላህ» ብለው ትከሻዬን ያዙ። እኔ ነኝ ይበልጥ እፎይ ያልኩት። ወዲያው የራሳቸውን ማሽን ገዙ፤ አሁንም ጠዋት ጠዋት ኪሳቸው ከተው ይመጣሉ።

ኪኒኑን ሦስት ወር ገደማ ዋጥኩ። እየቆየ ስኳሬ መውረድ ጀመረ፤ እንዲያውም አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ጠመኔ እንደያዝኩ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቀኝ። ሐኪሟ ስኳሬ ከልክ በታች ሊወርድ እንደሚችል አስጠንቅቃኝ ነበርና ኪሴ ውስጥ ያለውን ከረሜላ አውጥቼ በላሁ። ስነግራት የስኳሩን መድኃኒት ቀነሰችልኝ። ሕክምናውን ጨርሼ ጥቂት ወራት ከቆየሁ በኋላ ስመረመር ቫይረሱ ደሜ ውስጥ አልተገኘም።

ስኳሩ አልለቀቀኝም፤ ግን አሁን የምቆጣጠረው እኔ ነኝ። ሐኪሟ የሁሉም ሰው ስኳር እንዲህ እንደማይወርድ ደጋግማ ነግራኛለች። ቢሆንም በመምህራን ማረፊያ ስኳሬ አስቸገረኝ የሚል ባልደረባ ካጋጠመኝ፣ «ጉበትህን ታይተሃል?» ሳልለው አላልፍም።