ቴርሞስታት ፍለጋ

ዓብዱ ደሴ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት መካኒክ ነበር። ኮፈን ሳይከፍት በድምፅ ብቻ የሞተር ችግር ይለያል እየተባለ ከወልድያ ድረስ መኪና ይመጣለት ነበር። ከአገር ወጥቶ ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባ ወዲህ ግን አንድ ሆቴል ፓርኪንግ ውስጥ የሰው መኪና እየተቀበለ ያቆማል።

ባለፈው ሚያዝያ የባለቤቱ የጠይባ ቶዮታ ሞተሯ እየጋለ ኦቨርሂት ማድረግ ጀመረች። ጠይባ ከወንዙ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ አንዲት አሮጊት ትንከባከባለች፤ ያለ መኪና እንጀራዋ አይሆንላትም። ዓብዱ ቱቦውን ዳሰስ እንዳደረገ ችግሩ የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት እንደሆነ ገባውና ሰፈር ወዳለው መለዋወጫ መደብር ሄደ።

«ቴርሞስታት እፈልጋለሁ» አለው ባንኮኒው ላይ ለቆመው ጎረምሳ።

«የቤት ዕቃ እኛ ጋ የለም።»

የመኪና መሆኑን በአፉም በእጁም አስረዳው። ጎረምሳው ኮምፒዩተሩ ላይ አፈጠጠ። «ባለ ሁለት በር ናት ባለ አራት?»

«የምገዛው በር አይደለም» አለ ዓብዱ።

ጎረምሳው አልሳቀም። ገብቶ ይዞት የመጣው የጭነት መኪና ቴርሞስታት ነበር። ዓብዱ ገና ከሩቅ አውቆት፣ «ይሄ አይገባም» አለው።

«ኮምፒዩተሩ ይገባል ይላል።»

ብዙ ከተነታረኩ በኋላ ትክክለኛው አሌክሳንድሪያ ቅርንጫፍ አለ ተባለ።

የጎረቤቱን የወንድሜነህን መኪና ተውሶ ድልድዩን ተሻገረ። እዚያ የተቀበለችው ሲሐም የምትባል ያገሩ ልጅ ነበረች፤ ሥራ ከጀመረች ሦስት ሳምንቷ ነው። መጀመሪያ የራዲያተር ክዳን አመጣችለት፣ ቀጥላ የዘይት ማጣሪያ።

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ስለ መኪና ምንም አላውቅም» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ለምን ገብተው ራስዎ አይፈልጉትም?»

ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ሲወጣ ሲሐም ለአንድ ባለ ቫን የትንሽ መኪና ፍሬን ሸራ ልትሸጥለት ነው። ዓብዱ አላስቻለውም፤ ተመልሶ ገብቶ ልኩን አወጣለት። ቀጥላ ለቆመችው ሴትዮም የመብራት አምፖል መረጠላት። ሩብ ሰዓት ያህል የሆቴሉን ፓርኪንግ ረሳው።

ሥራ አስኪያጁ መጥቶ ደንበኛ እዚህ አይቆምም አለ። ሲሐም ነገሩን ስታስረዳው ግን ፊቱ ፈታ ብሎ «ኦንላይን አፕላይ ያድርጋ» አላት፣ ዓብዱ አጠገቡ ቆሞ እየሰማ።

መኪናዋን በዚያኑ ቀን ሠርቶ ጨረሰ። እሑድ ልጁ ኢፋት የመደብሩን የሥራ ማመልከቻ ፎርም ስትሞላለት የቀድሞ አሠሪ ስልክ ተጠየቀ። የደሴው ጋራዥ ከፈረሰ ቆይቷል።

«ባዶ ተዪው» አላት።

ሐሙስ ኢሜይል መጣ። ኢፋት በልቧ አነበበችው።

«ምን ይላል?»

«የተሻለ ልምድ ያለው ሰው አግኝተናል ይላል፣ አባ።»

እንደገና እንድታነብለት ጠየቃት፤ አነበበችለት። ከዚያ ጫማውን አድርጎ የጠይባን መኪና የራዲያተር ውሃ ሊያይ ወረደ። ውሃው ልክ ነበር። ቢሆንም ኮፈኑን እንደከፈተ ብዙ ቆመ።