ፎርማት የተፈረደባቸው ላፕቶፖች

የመመረቂያ ጽሑፌን ላስረክብ አንድ ቀን ሲቀረኝ የላፕቶፔ አንቲቫይረስ ሥራ አቁሞ ቀይ ማስጠንቀቂያ ይደረድርብኝ ጀመር። ባለፈው ሳምንት ባትሪ ወደቀየረልኝ የቁስቋም ሰፈር ኮምፒውተር ባለሙያ ሮጥኩ። ስክሪኑን እንደ ሐኪም ትክ ብሎ አየና ፈረደ።

"እህቴ፣ ቫይረሱ አንቲቫይረሱን በልቶታል። ፎርማት ነው።"

"ጽሑፌስ? ሌላ ቦታ አላስቀመጥኩትም።"

"እሱን እርሺው። ዋናው ላፕቶፑ መትረፉ ነው።"

ከሰው ጋር መከራከር አልችልበትም። ፎርማቱን ሊጀምር ሲል ግን ድምፄ እንደ ምንም ወጣ።

"ይቅርታ... ቀኑ 2018 ይላል እኮ።"

"ታዲያ ዘንድሮ ስንት ነው?" አለና አፈጠጠብኝ። "ፈረንጅ ዓመት ላይ ነበር፤ ባትሪውን ስቀይር እኔ ነኝ ያስተካከልኩልሽ። ያውም በነጻ!"

ለካ ምስኪኑ አንቲቫይረስ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተወስዶ፣ ገና ያልተሠራበት ዘመን ላይ ተቀምጧል። ላፕቶፑን ወደ ራሴ ሳብ አድርጌ ቀኑን መለስኩት። ቀዩ ማስጠንቀቂያ ወዲያው ጠፋ።

ቀና ስል ከኋላው "ፎርማት" የሚል ወረቀት የተለጠፈባቸው ስድስት ላፕቶፖች ተደርድረዋል።

"የእነዚህንስ ቀን ማን ነው ያስተካከለው?" አልኩት።

ደረቱን ነፋ።

"ከእኔ ሌላ ማን ይችላል?"