ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉልኝ ሰዎች

አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ከመጣሁ ጀምሮ ዋይትሆል ሰፈር አጠገብ ባለ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ስሠራ፣ ያ ካርቶን የሚያጓጉዝ ኮንቬየር ሲያጓራ እየዋለ፣ ጆሮዬ ሄደ። ሐኪሟ እንደነገረችኝ የጠፋብኝ ትንሹ ድምፅ ብቻ ነው። ትልቁ እንደ ድሮው ይሰማኛል፤ እንዲያውም ያመኛል። ካለመስማት እስከ መታመም ያለው መንገድ አጠረ ማለት ነው። የጆሮ መሣሪያ ሰጡኝ። የሚስቴን ድምፅ ከፍ ሲያደርግልኝ የሹካውንና የሳህኑንም አብሮ አስጮኸብኝ። አውልቄ ኪሴ ከተትኩት።

ፈረንጅ ይሻላል፤ አልሰማሁም ስትለው ይጮኻል። የእኛ ሰው ሲያከብርህ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ወጣቶቹ ጎንበስ ብለው "ጋሼ" ይሉኛል፤ ከዚያ በኋላ የማየው የከንፈር እንቅስቃሴ ብቻ ነው። "ጮክ በሉ እንጂ!" ብዬ ስቆጣ ይደነግጡና ጭራሽ ያንሾካሹካሉ።

ሚስቴ በትዳራችን ዘመን ድምፅዋን ከፍ አድርጋብኝ አታውቅም። ባለፈው እሑድ ግን ቢቸግራት "ስማኝ እንጂ!" ብላ ጮኸች። ሰማኋት። እንደ መርፌ ስለወጋኝ ሳላስበው ጆሮዬን በሁለት እጄ ደፈንኩት። እሷ ያየችው ጆሮዬን ስደፍንባት ነው።

ከዚያ ወዲህ የምታወራኝ በለሆሳስ ነው። ትናንት ራት ላይ ረጅም ነገር ነገረችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ድገሚልኝ ማለት ፈራሁ።

"እሺ" አልኳት። ምኑን እሺ እንዳልኩ አላውቅም።