«ወድማለች» የተባለችው ላንድሮቨራችን

እናቴ ዲላ ውስጥ ጨርቅ ነጋዴ ነበረች። አባታችን ከሞተ በኋላ ሱቁን ብቻዋን አቆመች፤ ከትርፉም አንዲት አሮጌ ላንድሮቨር ገዛች። የሚነዳት ታናሽ ወንድሟ፣ አጎቴ ነው። በገበያ ቀን ወናጎ፣ በሌላው ቀን ሽቅብ እስከ ወርቃ ሰውና ጭነት ያመላልስባታል። በደርግ ጊዜ እንደኛ ላለ ሰው ሌላ መኪና ማግኘት የማይታሰብ ነበርና ቤታችን የቆመው በእሷ ላይ ነው።

አንድ ክረምት አጎቴ ከወርቃ ሲመለስ ወንዝ መሃል ደራሽ ውሃ ያዘው። እሱ በመስኮት ወጥቶ ነፍሱን አተረፈ፤ መኪናዋ ግን እስከ ጣሪያዋ ተዋጠች። በማግስቱ ውሃው ሲጎድል የአካባቢው ገበሬዎች በገመድ ጎትተው አወጧት፤ በጭነት መኪና ተጎትታም ዲላ ገባች።

እናቴ አልደነገጠችም። የመኪናዋን የመድን ክፍያ አንድም ዓመት አሳልፋ አታውቅም። «ለዚህ ቀን አይደል እንዴ?» አለች።

ከአዋሳ የመድን ቤቱ ገማች መጣ። ዝናብ ነበርና ከሱቃችን በረንዳ አልወረደም። ከዚያው ሆኖ መኪናዋን አየት አደረገና፣ በእናቱ ዕድሜ ያለችን ሴት «አንቺ» እያለ፣ «ይቺማ ወድማለች» አላት።

«ሞተሯን ሳታየው?»

«ውሃ የገባው ሞተር አይድንም። ግምቷ ይከፈልሻል፤ መኪናዋን መድን ቤቱ ይረከባል።»

«እኔ አስጠግኑልኝ ነው ያልኩት። በግምቱ ከየት አምጥቼ ነው ሌላ የምገዛው?»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ» ብሎ ሄደ።

ያን ሰሞን የአጎቴ እጅ ከጭቃ አልወጣም። ዘይቱን አፍስሶ ቀየረ፣ ዲናሞዋን ፈታትቶ አደረቀ፣ የነዳጅ ታንኩን አጠበ። እኔ አስተማሪ ነበርኩ፤ ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ወንበሮቿን እያጠብኩ ፀሐይ ስትወጣ አሰጣለሁ። አንድ ጠዋት ሞተሯ እየሳለ ተነሳ። እናቴ እልል አላለችም። ሻሿን አጥብቃ አሰረችና ጋቢና ገባች።

«አዋሳ ንዳ» አለችው።

በኩፖን የተሰጠንን ቤንዚን ሁሉ ይዘን ሄድን። መድን ቤቱ ግቢ መኪናዋን አቁመን ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባን።

«ጌታዬ፣ ወድማለች የተባለችው መኪና ግቢዎ ውስጥ ቆማለች። ይውጡና ይዩዋት» አለች እናቴ።

ሰውየው ከወንበሩ አልተነሳም። «ውሳኔው ከላይ ጸድቋል። መኪናዋም ለአንድ መሥሪያ ቤት ተመድባለች።»

ደሜ ፈላ። እናቴ ግን ቀደመችኝ። «የወደመ መኪና ለማን ይመደባል? ሬሳ ነው የምትነዱት?»

«ሴትዮ፣ አፍሽን ጠብቂ! የምትናገሪው በሕዝብ ንብረት ላይ ነው።»

በዚያ ዘመን ይህ ባዶ ዛቻ አልነበረም። ከዚህ ባነሰ ቃል ታስረው የቀሩ ሰዎች እናውቃለን። አጎቴ ክንዷን ያዘ። «እህቴ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ እንውጣ።»

ወጣች። ግን ጋቢና ገብታ በሩን ዘጋችና «አስነሳት!» አለችው። ሞተሩ ሲነሳ ክላክሱ ላይ እጇን ጫነች፤ አላነሳችውም። ፀሐፊዎቹ በመስኮት ብቅ ብቅ አሉ፤ ለጉዳይ የመጣው ሰው ከበበን። «ሞታ ነው የምትጮኸው! ኑ እዩ፣ ሞታ ነው!» ትላለች። አንድ ሽማግሌ ሳቁ፤ ሌላውም ተከተላቸው። ዘበኛው ተልኮ መጣ፤ አጠገባችን ቆሞ እሱም ፈገግ አለ። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ወረደ፤ ፊቱ ጠቁሯል።

«መኪናሽን ይዘሽ ጥፊ! ከዚህ ቤት ግን ሰባራ ሳንቲም አታገኚም።»

መንገድ ላይ አጎቴ «አልሐምዱሊላህ» ሲል እናቴ ተቆጣች። «አላህን አመስግን። እነሱ ግን ምንም አልሰጡንም። ይዘን የምንመለሰው የራሳችንን ነው።»

እውነቷን ነበር። ፍሬኗንና የቀረውን ሁሉ በራሳችን ገንዘብ አስጠገንን፤ ሱቁ ውስጥ ከነበረው ጨርቅ ግማሹ በዚያ አለቀ። ቤተሰቡ ሲሰበሰብ ዛሬም ድረስ የክላክሱን ነገር እያነሱ ይስቃሉ። እኔ አልስቅም። ያን ቀን ቤት ስንደርስ እናቴ የጫማዋን ማሰሪያ ደጋግማ ሞክራ መፍታት አቅቷት እኔ ነኝ የፈታሁላት።