አንድ ሚሊዮን አንድ

ሙት ሰውን ይጣራል ይባላል። እኔን የምትጣራኝ ግን በሕይወት ያለች ሴት ናት። ጠመኔ ባነሣሁ ቁጥር ድምፅዋን ከኋላዬ እሰማለሁ።

በ1950ዎቹ መጨረሻ ቡሬ ውስጥ ስድስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምር ነበር። ዕድሜዬ ያኔ ሃያ ሁለት ነው፤ ትዕቢቴ ግን ለሦስት ሰው ይበቃ ነበር። አንድ ጠዋት ከራሳቸውና ከአንድ በቀር ለሌላ ስለማይካፈሉ ቁጥሮች ሳስተምር፣ ልጆቹን ላስደንቅ ብዬ ሰሌዳው ላይ 1,000,001 ጻፍሁ። «ይኸ ለምንም አይካፈልም» አልሁ። ለሦስት፣ ለሰባትና ለአሥራ ሦስት ሞክሬው ነበር። ከዚያ በላይ ሰነፍሁ።

ከኋላ አንዲት ልጅ ተነሣች። አባቷ መሪጌታ ናቸው። የአጽዋማትን ቀን ሲያወጡ ትልቁን ቁጥር በአሥራ ዘጠኝ በአሥራ ዘጠኝ እየገደፉ፣ እያካፈሉ ማለት ነው፣ የሚተርፈውን ሲይዙ፣ አጠገባቸው ቁጭ ብላ እየሰማች ነው ያደገችው።

«መምህር፣ በመቶ አንድ ቢገድፉት ምንም አይተርፍም» አለች።

ክፍሉ ሣቀ። የሣቁት በእኔ መሰለኝ።

«ተቀመጪ! ይኸ የደብተራ ሒሳብ አይደለም» አልኋት።

በዚያው ሳምንት መሪጌታ ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ልጅቱን ለትዳር የጠየቁ ሽማግሌዎች ደጃቸውን እየጠኑ ነበር።

«እናቷ ትዳር ይሻላታል ትላለች። እኔ ደግሞ የመምህሯን ቃል ልስማ ብዬ መጣሁ» አሉኝ። «ትምርቱ ይገባታል? ይገባታል ካሉኝ ሽማግሌዎቹን እመልሳለሁ።»

ቅኔ ቤት ያደጉ ሰው ናቸው፤ እዚያ መምህር ስለ ተማሪው የመሰከረው አይመረመርም። ይህን አውቅ ነበር። ሣቁ ግን ገና ከጆሮዬ አልወጣም።

«ከማወቋ መከራከሯ ይብሳል» አልኋቸው። እጅ ነሥተውኝ ሄዱ።

ቅዳሜ ነገሩ አላስቀምጥ ሲለኝ እርሳስ አነሣሁ። ለመቶ አንድ ሳካፍለው ዘጠኝ ሺሕ ዘጠኝ መቶ አንድ ደረሰ። ቀሪ የለም። ሦስት ጊዜ ደጋገምሁት፤ ያው ነው። ሰኞ ሄጄ ለመሪጌታ እነግራቸዋለሁ አልሁ። ሰኞ ወደ ሐሙስ ተላለፈ። ሐሙስም አፈርሁ።

ከዚያ የሠርጉ ጥሪ መጣ። ቤታቸው ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር፤ ዳሱ ውስጥ ከካህናቱ ጎን አስቀመጡኝ። ያካፈልሁበት ወረቀት ኪሴ ውስጥ አለ። መሪጌታ መጥተው «እውነቱን ስለ ነገሩኝ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው በእጃቸው አጎረሱኝ። ጎረስሁ።

ሙሽራዋ ልትወጣ ስትል ጉልበታችንን እየሳመች ተሰናበተችን። እኔ ዘንድ ስትደርስ ጎንበስ እንዳለች፣ ሌላ ሰው ሳይሰማ፣ «መምህር፣ አካፈሉት?» አለችኝ።

«የለም፣ ገና አላካፈልሁትም» አልኋት።