የወንድሜ ሰርቨር አልነሳም ያለ ቀን

ወንድሜ በፊልቱ መንገድ ላይ በሞተር ከሞተ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር። ነገሌ መናኸሪያው አጠገብ ያለችውን የኮምፒውተር ቤቱን እኔ ከፍቼ እቀመጣለሁ። የማውቀው ፎቶ ኮፒ ማንሳትና መተየብ ነው። እሱ የሚያውቀውን አላውቅም።

ጥግ ያለው ኮምፒውተር ላይ እሱ ራሱ የሠራው ፕሮግራም አለ። የአንድ የግል ትምህርት ቤት የአራት ዓመት ውጤት በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው። ሌላ ቅጂ የለም። ፕሮግራሙ እንዲከፈት ከጀርባው ሰርቨር የሚሉት ነገር መነሳት አለበት። ሁልጊዜ ራሱ ይነሳ ነበር። በዚያ የጥቅምት ጠዋት ግን አልተነሳም።

ከዋዜማው ጀምሮ መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። ኮምፒውተሩን ስከፍት ቀኑ ጠፍቶበት ነበር። ግድግዳው ላይ ካለው ካላንደር አይቼ ሞላሁለት። ከዚያ ፕሮግራሙን ነካሁት። ቀይ ጽሑፍ መጣ። አጥፍቼ አበራሁ። ያው ቀይ ጽሑፍ።

አንድ የቦረና ሽማግሌ ከልጃቸው ጋር የገቡት ያኔ ነው። ልጅቷ ውጤቷን ይዛ ያቤሎ ኮሌጅ መመዝገብ አለባት። ምዝገባው በማግስቱ ያበቃል፤ አውቶቡሱ በስድስት ሰዓት ይወጣል።

«አካም? ናጋ?» ብለው ሰላም አሉኝ አባትየው።

«ናጋ። ትንሽ ይጠብቁኝ አባባ፣ አልነሳ ብሎኝ ነው።»

«ግመል ነው እንዴ? አልነሳም ካለ ጭነቱ በዝቶበት ነው። አውርድለት።»

«አባ፣ ይተዉት! ጨንቆታል እኮ» አለች ልጅቷ።

እውነትም ጨንቆኝ ነበር። እንደገና ስሞክር ሌላ ሳጥን ወጣ። ልጠግነው ወይ ይላል፤ የድሮው መረጃ ሊጠፋ ይችላል ይላል። የማውሱ ቀስት «እሺ» የሚለው ላይ ቆሟል። ወንድሜ እዚህ ወንበር ላይ ጀርባው እስኪያመው ተቀምጦ የጻፈው ሁሉ በእኔ አንድ ጣት ሊሄድ ነው። የዚህች ልጅ ብቻ አይደለም፤ የሁሉም። አልነካሁትም። ለመዝጋትም ፈራሁ።

«እስቲ ልየው» አለች ልጅቷ። አጠገቤ መጥታ ቀዩን ጽሑፍ ቀስ ብላ አነበበች። «መጨረሻ የተመዘገበው ከዛሬ በኋላ ነው ይላል። እንዴት ከዛሬ በኋላ ይሆናል?»

እሷ የስክሪኑን ጥግ አየች፤ ከዚያ ግድግዳውን።

«ወንድም፣ ይሄን ቀን ማን ሞላው?»

«እኔ።»

«በኛ ካላንደር? ማሽኑ እኮ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው!»

አባትየው ሲገባቸው ጉልበታቸውን መቱ። «ሰባት ዓመት መልሰኸው! እኔንስ ብትመልሰኝ ምን ነበረበት?»

መሳቅ አልቻልኩም። ማሽኑ ባሳየው ቀን ወንድሜ ገና አሥረኛ ክፍል ነው። ሞተር አልነካም። ፊልቱንም አያውቀውም። ቀኑን ለማስተካከል እጄን ሰደድኩና ቆምኩ። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ልጅቷ አውቶቡሱ ወዳለበት ወደ መናኸሪያው አየች።

ሞላሁት። ወሩን፣ ቀኑን፣ ዓመቱን። የጥገናውን ሳጥን «ይቅር» ብዬ ዘጋሁት። ሰርቨሩን እንዲነሳ አዘዝኩት።

ተነሳ። ስሞቹ ተደርድረው መጡ፣ አንድም አልጎደለም። የልጅቷን ውጤት አትሜ ሰጠኋት፤ አባቷ መርቀውኝ እየተቻኮሉ ወጡ።

ፍርሃቱ ግን አብሯቸው አልወጣም። ሳጥኑ እንደጠፋ አውቃለሁ፤ እኔ ግን አሁንም የማየው ያንን «እሺ» ነው። ስልኬን አንስቼ ለትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ትልቅ ፍላሽ ይዘው ዛሬውኑ ይምጡ። የልጆቹን ውጤት ሁሉ ልገልብጥልዎ። እርስዎም ጋ ይቀመጥ።»

«ምነው፣ ጠፋ እንዴ?» ድምፃቸው ተለወጠ።

«አልጠፋም። አለ። ብቻዬን መያዝ ፈርቼ ነው።»

«መጣሁ ልጄ» አሉኝ።